ነጥብ ባለበት ሁሉ ዐረፍተ ነገር ያልቃልን? ስለ ጀማሪዎች ፕሮግራም የቀረበ ትችት

የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ለሚማር ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንዱ የሚሰጥ መልመጃ አለ። ይኸውም አንድ ጽሑፍ ተሰጥቶት ጽሑፉን ወደ ዐረፍተ ነገሮች እንዲከፍል፣ ከከፈለም በኋላ ስንት እንደ ሆኑ እንዲቈጥር ነው። መልሱም ከጥያቄው ጋራ አብሮ ይነገረዋል፤ «ነጥብ፣ የጥያቄ ምልክት ወይም ቃለ አጋኖ ባገኘህበት ቦታ ቍረጥ» ይባላል። ተማሪው ሁለት ወይም ሦስት መስመር ጽፎ ውጤቱን ባየ ጊዜ ደስ ይለዋል፤ መኪናይቱ ማንበብ የቻለች ይመስለዋልና። እኛም እንደዚሁ ደስ ብሎን ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህ ደንብ በአማርኛ ላይ ሲሠራ ምን እንደሚያደርግ፣ ለምንስ በዝምታ ሊታለፍ እንደማይገባው ነው።

ለመመርመር ያነሣሣን አንድ የክፍል ሥራ ነው። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቻችን አንዱ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ጽሑፎችን በእንደዚህ ያለ ፕሮግራም አስቈጥሮ፣ የአማርኛው ዐረፍተ ነገር ከእንግሊዝኛው ብዙ እጥፍ ረዝሞ ስላገኘው፣ «የአማርኛ ጸሓፊ ሐሳቡን ማሳጠር አልለመደም» የሚል መደምደሚያ አቀረበ። ከመካከላችን የተቃወመው አልነበረም፤ እንዲያውም አጨበጨብንለት። ቍጥር ስላየን አመንን። ኋላ ግን ፕሮግራሙን ከፍተን ስንመለከት አራት ነጥብን ፈጽሞ የማያውቅ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በዚያ ቀን በአንድ ቋንቋ ላይ የፈረድነው፣ የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ ማየት በማይችል ምስክር ቃል ነበር። ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሳንጠይቅ ያጨበጨብነው ሁላችንም ተካፋዮች ነን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ኮምፒዩተር ጽሑፍን እንዴት እንደሚያይ አስቀድመን እንናገር። ለኮምፒዩተር ፊደል ማለት ቍጥር ነው። የዩኒኮድ ማኅበር በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው 3ኛ እትም የግዕዝ ፊደል ከነሥርዐተ ነጥቡ የራሱን ቍጥሮች አግኝቷል። በዚህም መሠረት ሁለት ነጥብ (፡) 4961፣ አራት ነጥብ (።) 4962፣ ነጠላ ሰረዝ (፣) 4963፣ ድርብ ሰረዝ (፤) 4964 ነው። የእንግሊዝኛው ነጥብ ግን 46፣ የጥያቄ ምልክቱ 63፣ ቃለ አጋኖው 33 ነው። «በነጥብ ቍረጥ» የተባለ ፕሮግራም የሚፈልገው 46ን ነው እንጂ «የሐሳብ መጨረሻ» የሚባል ነገር አይደለም። 4962 ቢያጋጥመው እንደ ማንኛውም ፊደል ቈጥሮት ያልፋል።

አሁን ራሳችን ያዘጋጀነውን ይህን አጭር ምንባብ እንውሰድ፤ አንባቢም በእርሳስ እየቈጠረ ሊከተለን ይችላል።

«ነጋዴው 3.5 ኪሎ ቡና መዘነ። ገዢው ‹ስንት ነው?› ብሎ ጠየቀ። ሚዛኑ በ1958 ዓ.ም የተገዛ ነበር። በዋጋውም ተስማሙ።»

ማንኛውም አንባቢ አራት ዐረፍተ ነገር እንዳለው ያያል። በመልመጃው ደንብ የተሠራው ፕሮግራም ደግሞ በዚህ ምንባብ ሦስት ምልክቶችን ያገኛል፤ እነርሱም በ3 እና በ5 መካከል ያለው ነጥብ፣ የጥያቄ ምልክቱና በ«ዓ.ም» መካከል ያለው ነጥብ ናቸው። ሦስት ጊዜ ሲቈርጥ አራት ቍራጭ ይወጣል፤ የመጀመሪያው «ነጋዴው 3»፣ ሁለተኛው «5 ኪሎ ቡና መዘነ። ገዢው ‹ስንት ነው»፣ ሦስተኛው «› ብሎ ጠየቀ። ሚዛኑ በ1958 ዓ»፣ አራተኛው «ም የተገዛ ነበር። በዋጋውም ተስማሙ።» የሚል ነው። ቍጥሩ ልክ ነው፤ አራት ተብሎ አራት ተገኝቷል። ነገር ግን ከአራቱ አንዱ እንኳ ዐረፍተ ነገር አይደለም። መምህሩ ቍጥሩን ብቻ ቢመለከቱ ለተማሪው ሙሉ ነጥብ ይሰጡታል። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር፣ የቍጥር ልክ መሆን ለሥራው ልክነት በቂ ምስክር አለመሆኑን ነው።

«እንግዲያው አራት ነጥብን በዝርዝሩ ላይ መጨመር ነው» የሚል ይኖራል። እኛም እንዲሁ አድርገን ነበር። ሦስቱን የእንግሊዝኛ ምልክቶች ሳናወጣ አራት ነጥብን ብንጨምር፣ በዚያው ምንባብ ላይ ሰባት ጊዜ ይቈረጥና ስምንት ቍራጭ ይገኛል፤ ስምንተኛው ደግሞ ባዶ ነው። ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ስፕሊት የተባለው ትእዛዝ ከመጨረሻው ምልክት በኋላ ያለውን ባዶ ቦታም እንደ አንድ ቍራጭ ስለሚቈጥር ነው። በአራት ነጥብ ብቻ ብንቈርጥ ቍራጮቹ በትክክል ይወጣሉ፤ ቍጥሩ ግን በዚያው ባዶ ቍራጭ ምክንያት አምስት ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ምንባብ ልክ የሆነው ቍጥር በስሕተት የተገኘ፣ ስሕተት የሆነው ቍጥር ደግሞ ከልኩ ሥራ የተገኘ ሆነ።

ከዚህ የባሰ ሦስተኛ ችግር አለ፤ ይህም የመጣው ከእኛው ከጸሓፊዎቹ እጅ ነው። ብዙ ሰው አራት ነጥብ ለመጻፍ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል። በወረቀትም ሆነ በመስታወቱ ላይ «፡፡» እና «።» ለዓይን አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን አንዱ 4962 ሲሆን ሌላው 4961 እና 4961 ነው። የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ የሚመታም አለ፤ ያ ደግሞ 58 እና 58 ነው። ከላይ ያለው ምንባብ በ«፡፡» ተጽፎ ቢሆን፣ በአራት ነጥብ የሚቈርጠው ፕሮግራም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው ባለን ነበር። ነገሩን ያየ ጀማሪ ተናዶ «በሁለት ነጥብ ቍረጥ» ቢለው ስምንት ጊዜ ቈርጦ ዘጠኝ ቍራጭ ያመጣለታል፤ ከዘጠኙ አምስቱ ባዶ ናቸው። ያንኑ ፕሮግራም ቃል ከቃል በሁለት ነጥብ እየተለየ በታተመ አሮጌ መጽሐፍ ላይ ቢያሠራው ደግሞ እያንዳንዱ ቃል ዐረፍተ ነገር ይሆናል። እንግዲህ አንድ ቋንቋ፣ በአንዱ ፕሮግራም ማለቂያ የሌለው፣ በሌላው ፕሮግራም ቃል በቃል የተበጣጠሰ ሆኖ ይታያል፤ ቋንቋው ግን አልተለወጠም።

ፍርዳችን አድልዎ እንዳይኖርበት ደንቡ በተወለደበት አገር እንዴት እንደሚሠራም መመልከት ይገባል። ማይክል ራይሊ በ1989 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት ብራውን በሚባለው የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ስብስብ ውስጥ ካሉት ነጥቦች ከመቶው 90 ያህሉ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ የቆሙ ናቸው፤ የቀሩት የምኅጻረ ቃል ነጥቦች ናቸው። ይህ ስብስብ በ1961 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከታተሙ ጽሑፎች የተውጣጣና አንድ ሚሊዮን ያህል ቃላት ያሉት ነው። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ጀማሪ ደንቡ ፍጹም ባይሆንም የሚያስኬድ ነው፤ ከአሥር ጊዜ ዘጠኝ ጊዜ ይረዳዋል። ሊቃውንቱም በዚህ ረክተው አልተቀመጡም። ቲቦር ኪስና ያን ሽትሩንክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ምኅጻረ ቃልን ያለ መዝገበ ቃላት መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ዘዴያቸው ቀላል ነው፤ አጭር የሆነ፣ ከነጥብ ጋራ ዘወትር አብሮ የሚገኝ፣ በውስጡም ነጥብ ያለበት ቃል ቢገኝ ምኅጻረ ቃል መሆኑ ይጠረጠራል ነው ያሉት። ዘዴውንም በ11 ቋንቋዎች ፈትነውታል። አማርኛ ከእነዚህ ውስጥ የለም፤ ሁሉም በላቲን ፊደል የሚጻፉ ናቸው። ይህ ዘዴ ኤን ኤል ቲ ኬ በሚባለው፣ በየዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎች በሚሰጠው የቋንቋ መሣሪያ ውስጥ ገብቷል፤ በዚያም የዐረፍተ ነገር መጨረሻ ተብለው የተመዘገቡት ምልክቶች ሦስቱ የእንግሊዝኛ ምልክቶች ናቸው። ተማሪው አራት ነጥብን ሊጨምርበት ይችላል፤ ነገር ግን የሚጨምረው የሚጐድል መሆኑን ያወቀ ብቻ ነው። ትችታችንም እዚህ ላይ ነው። ደንቡ ቀላል በመሆኑ አንነቅፈውም፤ የምንነቅፈው ለማን እንደ ተሠራ ሳይናገር ለሁሉ የተሠራ መስሎ በመቅረቡ ነው።

የእንግሊዝኛው ጀማሪ ሁለተኛ መሣሪያም አለው፤ እርሱም ትልቅ ፊደል ነው። ከነጥብ በኋላ ትንሽ ፊደል ከመጣ ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም ማለት ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ መሣሪያ አያገለግለንም። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በነበርንበት ጊዜ በአንድ ቀን ሁለት ልዩ ልዩ ትምህርት እንሰማ ነበር። የእንግሊዝኛው መምህር «ዐረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ በነጥብ ያልቃል» ይሉናል። የአማርኛው መምህር ደግሞ «ማሰሪያው የት አለ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። አንዱ ዓይናችንን ወደ ምልክቱ፣ ሌላው ወደ ግሡ ይመሩት ነበር። የጀማሪዎቹ ፕሮግራም የመጀመሪያውን መምህር ትምህርት ብቻ የተማረ ነው።

የሁለተኛው መምህር ጥያቄ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ የተረዳነው አሁን ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ በመጨረሻ ይቆማል። ስለዚህ የሌላ ሰው ንግግር በጥቅስ ሲገባ «አለ»፣ «ብሎ ጠየቀ»፣ «ስትል መለሰች» የሚለው ከጥቅሱ በኋላ ይመጣል፤ በጥቅሱ ውስጥ ያለው የጥያቄ ምልክት ወይም አራት ነጥብ ሁሉ በትልቁ ዐረፍተ ነገር መካከል ይወድቃል ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪውን አስቀድሞ፣ ጥቅሱን በመጨረሻ ሊያደርግ ስለሚችል ችግሩ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ያጋጥመዋል፤ በአማርኛ ግን የዘወትር ነገር ነው። ከላይ ባለው ምንባብ «› ብሎ ጠየቀ» የሚለው ቍራጭ ራሱን የቻለ መስሎ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የዩኒኮድ ማኅበርም ስለ ዐረፍተ ነገር አከፋፈል ባወጣው መመሪያ አራት ነጥብን ከዐረፍተ ነገር ጨራሾች ጋራ መዝግቦታል፤ ሆኖም ተራው ጽሑፍ ብቻውን ጥሩ ወሰን ለማግኘት በቂ ማስረጃ እንደማይሰጥ እዚያው ያስጠነቅቃል።

ድርብ ሰረዝ ደግሞ ጥያቄውን ከፕሮግራም ወደ ሰዋስው ያሻግረዋል። «ዝናብ ዘነመ፤ ወንዙ ሞላ።» ብንል ስንት ዐረፍተ ነገር ነው? በምልክቱ የሚሄድ ሰው አንድ ይላል፤ በማሰሪያው የሚሄድ ሰው «ዘነመ» እና «ሞላ» ሁለቱም ማሰሪያ ናቸውና ሁለት ይላል። «ዝናብ ዘንሞ ወንዙ ሞላ።» ቢሆን ግን «ዘንሞ» ቦዝ አንቀጽ ስለ ሆነ ሁለቱም ሰዎች አንድ በማለት ይስማማሉ። እንግዲህ ምልክት የጸሓፊው አስተያየት ነው፤ ጸሓፊው «እዚህ ላይ ዕረፍ» ሲል ለአንባቢው የተወው ቃል ነው። ፕሮግራሙ የሚቈጥረው ይህንን ቃል እንጂ ዐረፍተ ነገሩን ራሱን አይደለም። ይህን ለይቶ የሚናገር ተማሪ ሥራው ቀላልም ቢሆን እውነተኛ ነው፤ ሳይለይ «የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ርዝመት ይህን ያህል ነው» የሚል ግን የምልክትን ቍጥር የቋንቋ ጠባይ አድርጎ ያቀርባል።

ነቅፎ ብቻ መተው የማይገባ ስለ ሆነ፣ ጀማሪ ሊሠራው የሚችለውን ቅደም ተከተል እናቀርባለን። በመጀመሪያ ከመቍረጥ በፊት ማጽዳት ይገባል፤ ከግዕዝ ፊደል ቀጥሎ የመጣውን «፡፡» እና በእንግሊዝኛ ሁለት ነጥብ የተመታውን ሁሉ ወደ «።» መለወጥ ነው። በሁለተኛ ደረጃ መጠበቅ ያለበትን መጠበቅ ነው፤ በሁለት አኀዞች መካከል ያለውን ነጥብና እንደ «ዓ.ም.» ያሉትን ምኅጻረ ቃላት በአጭር ዝርዝር ይዞ እንዳይቈረጡ ማድረግ ይቻላል። በዚህ ረገድ «ዶ/ር»፣ «ወ/ሮ»፣ «ት/ቤት» እያሉ በእዝባር ማሳጠር የለመዱት አባቶቻችን ሳያውቁት ረድተውናል፤ እዝባር ማንንም አያሳስትምና። በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» እያልን የጻፍን እኛ ግን ለጀማሪው ፕሮግራም ወጥመድ እንደ ዘረጋንበት እናውቃለን። በሦስተኛ ደረጃ በአራት ነጥብ፣ በጥያቄ ምልክትና በቃለ አጋኖ ሲቈረጥ ምልክቱን ሳይጥሉ ከዐረፍተ ነገሩ ጋራ ማስቀረት፣ ባዶውን ቍራጭ ማስወገድ ነው። በአራተኛ ደረጃ ምልክቱ በጥቅስ ውስጥ ሆኖ ቀጥሎ «አለ»፣ «ብሎ»፣ «ብላ»፣ «ሲል» የመሰለ ቃል ቢመጣ መልሶ መቀጠል ነው። በአምስተኛ ደረጃ ርእስና ግጥም አራት ነጥብ ላይኖራቸው ስለሚችል የመስመርን መጨረሻ ሳያጠፉ መያዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ርእሱ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጋራ ተጣብቆ ይቀራል።

ከሁሉ በኋላ የሚቀረው ሥራ የሰው ነው። ፕሮግራሙ በአኀዝ የጀመሩትን፣ አንድ ቃል ብቻ የሆኑትንና እጅግ የረዘሙትን ቍራጮች ለይቶ ያሳይ፤ ተማሪው ደግሞ እነርሱን በዓይኑ አይቶ «ማሰሪያው የት አለ?» ብሎ ይጠይቅ። አንድ ቃል የሆነውን ሁሉ ግን አይጣል፤ «ና!» የሚለው አንድ ቃል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ከጽሑፉ ጥቂት ገጾችን በእጅ ቈጥሮ ከፕሮግራሙ ውጤት ጋራ ማስተያየትም የሚዘለል ሥራ አይደለም። ጓደኛችን አንዲት ገጽ ብቻ በእጁ ቈጥሮ ቢሆን ኖሮ ያን መደምደሚያ ባልጻፈው ነበር፤ እኛም ባላጨበጨብን ነበር።

«ይህ ሁሉ ጭንቅ ለመልመጃ ነውን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን የመልመጃው ደንብ በመልመጃ ደብተር ውስጥ አይቀርም። ጽሑፍን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚመልስ፣ ለዓይነ ስውር ድምፅ እያሰማ የሚያነብ፣ ረጅሙን የሚያሳጥር ፕሮግራም ሁሉ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ጽሑፉን ወደ ዐረፍተ ነገር በመክፈል ነው። በመድኃኒት ወረቀት ላይ «ለሕፃኑ በቀን 2.5 ሚሊ ሊትር ይስጡት» የሚለውን የጀማሪው ደንብ «ለሕፃኑ በቀን 2» እና «5 ሚሊ ሊትር ይስጡት» ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። ሁለተኛውን ቍራጭ ብቻ የሰማች እናት እጥፍ መጠን ትሰጣለች። ይህን ስናስብ ነጥብ ትንሽ ነገር መሆኗ ይቀራል።

ስለዚህ መልመጃው ይቅር አንልም፤ ይልቁንም እጅግ ጠቃሚ ነው እንላለን። የምንለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። መምህራኖቻችን ይህን መልመጃ ሲሰጡ ከእንግሊዝኛው ምንባብ ቀጥሎ አንድ የአማርኛ ምንባብ ይጨምሩበት፤ ደንቡ በሚሰበርበት ቦታ ተማሪው ስለ ፕሮግራምም ስለ ቋንቋውም በአንድ ጊዜ ይማራልና። እኛ ተማሪዎችም በቍጥር ስለ አማርኛ አንድ ነገር ከመናገራችን በፊት ፕሮግራማችን አራት ነጥብን ያውቅ እንደ ሆነ እንጠይቅ። ያቀረብነው ቅደም ተከተል የሚሳሳትበትን የአማርኛ ምንባብ ያገኘ አንባቢ ቢኖር ምንባቡን ይዞ ቢመጣ በደስታ እንቀበለዋለን፤ አብረን በእርሳስ እንቈጥረዋለን።